«እህቴ ታማለች፤ እኔስ ልመርመር ወይ?»፦ በዘር ስለሚተላለፍ የጡት ካንሰር ሥጋት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁትም አሁን የምኖረውም ጅማ ነው። እናቴ በ43 ዓመቷ በጡት ካንሰር አረፈች። የእናቴ ታናሽ እህት ደግሞ ሃምሳ ሳይሞላት ሆዷ አብጦ፣ ‹የማህፀን ነው› ተብሎ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አሁን የ38 ዓመት ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኪሞ እየወሰደች ነው። አሜሪካ የሚኖረው ወንድማችን በምራቅ የሚሠራ የዘር መመርመሪያ ዕቃ ልላክልሽ ይለኛል። ከስድስት ወር በኋላ ሠርጌ ነው። ያየኝ ሁሉ ‹ቁርጥ እናቷን› ይለኛል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ? ቢገኝብኝስ ምን አደርጋለሁ?»

ምላሽ፦ ለታላቅ እህትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው። እንዲህ ላለ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ማብራሪያውን አስቀድሜ መልሱን ወደ መጨረሻ አቆየው ነበር፤ እርስዎ ግን እንቅልፍ አጥተው የሚያድሩ በመሆኑ መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል። የቤተሰብዎ ታሪክ የዘረመል ምርመራ እንዲታሰብ የሚያደርግ ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ መመርመር የሚገባቸው እርስዎ ሳይሆኑ የታመሙት እህትዎ ናቸው። የእርስዎ ተራ የሚመጣው የእሳቸው ውጤት ከታወቀ በኋላ ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን መመርመሩም መተዉም በእጅዎ ነው። ወንድምዎ ሊልኩልዎት ያሰቡት ዕቃ የእርስዎን ጥያቄ አይመልስም። ምንም ዓይነት የዘረመል ውጤት ሳይጠብቁ ከዚህ ወር ጀምረው ሊይዙት የሚገባ ክትትል ግን አለ፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

በሀገራችን «ተመረመረ» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው የኤችአይቪ ምርመራ ነው። ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት ማቅረብ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተለመደ ሆኖ ስለቆየ፣ ውጤት ማለት «ነጻ ነው» ወይም «አለበት» ማለት ብቻ ነው ብለን ለምደናል። የዘረመል ምርመራን በዚህ ልማድ የሚያየው ሰው ይሳሳታል። በዚህ ምርመራ «ተገኘ» የተባለች ሴት በዚያ ቀን ጤነኛ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሳትታመምም ልትኖር ትችላለች። «አልተገኘም» የተባለችውም ሁልጊዜ ነጻ ናት ማለት አይደለም፤ ወረቀቱ ምንም ያልነገራት ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው ደም ከመሰጠቱ በፊት ያለው ውይይት ከምርመራው እኩል ዋጋ አለው የምለው።

ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ዘረመሎች በወንዱም በሴቷም፣ በሁላችንም ሕዋስ ውስጥ አሉ፤ ሥራቸው ዲኤንኤ (የዘር መመሪያችን የተጻፈበት ክር) ሲበጠስ መጠገን ነው። የብራካ 1 ሥፍራ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1990 ያመለከቱት አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ ሲሆኑ፣ ዘረመሉ ራሱ በ1994፣ ብራካ 2 ደግሞ በ1995 ተለይተዋል። ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት እንወርሳለን። በአንዱ ቅጂ ላይ ጎጂ ለውጥ ይዞ የተወለደ ሰው ጥገናው ሁሉ በቀሪው ቅጂ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ያም ቅጂ በአንድ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ሕዋስ ውስጥ በኋለኛ ዕድሜ ሲበላሽ ካንሰር ሊጀምር ይችላል። ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደው ተጋላጭነቱ ነው፤ ካንሰሩ ራሱ አይወረስም። በጡት ካንሰር ከሚያዙት ሰዎች መካከልም ሕመማቸው በቀጥታ ከተወረሰ ለውጥ ጋር የሚያያዘው ከ5 እስከ 10 ከመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

ተጋላጭነትና ሕመም እንደሚለያዩ የጅማ ሰው ከቡናው ያውቀዋል። የቡናን ፍሬ በእሸትነቱ አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ሀገራችን ሲገባ ሁሉም ዛፍ እኩል አልተመታም፤ ከእኛው ከተማ ጥግ ካለው ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጡት እነ 74110 እና 74112 በሽታውን በመቋቋማቸው የተመረጡ ናቸው። የሚጠቃው ዝርያም ቢሆን ደጋና ዝናብ በበዛበት ማሳ ላይ ክፉኛ ሲመታ ዝቅ ባለውና ደረቅ በሆነው ቦታ ሊተርፍ ይችላል። ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ሰውን ነቅሎ በሌላ ዝርያ መተካት የለምና። ተጋላጭ መሆንና መታመም ሁለት ነገር መሆናቸውን ግን ያሳያል።

ይህን ስል ሥጋቱን ለማቃለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ወደ 10,000 የሚጠጉ የለውጡ ተሸካሚ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድል ለብራካ 1 ተሸካሚዎች 72 ከመቶ፣ ለብራካ 2 ተሸካሚዎች 69 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ በኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድል ደግሞ እንደ ቅደም ተከተላቸው 44 እና 17 ከመቶ ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ስለሆኑ ቁጥሩን ለጅማ ሴት እንዳለ አልገለብጠውም፤ አቅጣጫውን ግን እቀበለዋለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። እናትዎ የለውጡ ተሸካሚ ነበሩ ብንል እንኳ፣ ለእያንዳንዱ ልጃቸው የደረሰው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ ዘውድ ወይም ጎፈር እንደማለት። እህትዎ ደርሷቸው ከሆነ የእርስዎ ዕጣ በዚያ ምክንያት ከፍ ወይም ዝቅ አይልም፤ ሳንቲሙ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወረወራል። እናትዎ ተሸካሚ መሆናቸው ግን ገና አልተረጋገጠም። ስለዚህ የዛሬው የእርስዎ ዕድል ከግማሽ በታች ነው፤ ሌሊት ሲያስቡት የሚመስልዎት ግን መቶ በመቶ ይመስለኛል። መልክን በተመለከተ ደግሞ፣ የዓይንና የአፍንጫ ቅርጽ የሚወሰነው በሌሎች ብዙ ዘረመሎች ነው፤ «ቁርጥ እናቷን» መባል በብራካ ጉዳይ ላይ የሚያስረዳው አንዳች ነገር የለም። አባታቸውን የሚመስሉ ሴቶች የእናታቸውን ለውጥ ወርሰው፣ እናታቸውን የሚመስሉት ሳይወርሱ የቀሩበትን ቤተሰብ አይቻለሁ።

ወደ ላቦራቶሪ ከመሄድ በፊት የሚሠራ፣ ገንዘብም የማያስወጣ አንድ ሥራ አለ፤ እሱም የቤተሰብዎን ሥዕል መሣል ነው። በእኛ ባህል ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመዱን የሚለይ ሰው ሞልቷል፤ የሰባቱ ቤት ሰዎች በምን እንደሞቱ ግን ቢጠየቅ «በምች»፣ «በክፉ በሽታ»፣ «እንዲያው ሆዷን ታማ» ከማለት አያልፍም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን ያስፍሩ፤ በሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ያሳርፉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የሕመሙን ዓይነትና ሰውየው ሕመሙ ሲገኝበት የነበረውን ዕድሜ ይጻፉ። የሞተበት ዕድሜ ብቻ አይበቃም። ከዓመታት በፊት ከአጋሮ የመጡ አንዲት እናት የሕክምና ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። በእናታቸው በኩል ያሉትን እህትማማቾች በሙሉ፣ ከነልጆቻቸው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፤ አንድም የካንሰር ታሪክ አልነበረም። በአባትዎ በኩልስ ብላቸው «እሱማ ወንድ ነው፤ በእሱ በኩል የጡት በሽታ በምን ይመጣል?» አሉኝ። ስንቆጥር ግን ሦስት የአባታቸው እህቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት በጡት ሕመም የሞቱ። ያለ ምንም ሕመም አርጅተው የሞቱት አባት በወረቀቱ መካከል ባለ አራት ማዕዘን ሆነው ተቀምጠዋል፤ ለውጡ አልፎባቸው የሄደ ይመስላል። ስለዚህ እርስዎም የአባትዎን ወገን አይርሱ።

በእርስዎ ሥዕል ላይ ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ስለ አክስትዎ ነው። «የማህፀን ነው» ሲባል ሦስት የተለያዩ ሕመሞችን ሊያመለክት ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር ከሆነ ምክንያቱ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ ከብራካ ጋር አይያያዝም፣ በሥዕሉ ላይም ሚዛን አይደፋም። የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሌላ መንገድ አለው። ሆድ ውስጥ ውኃ ቋጥሮ ማበጥ ግን ብዙ ጊዜ የኦቫሪ ካንሰር መልክ ነው፤ ብዙዎች እንደ ጉበት በሽታ እየተቆጠሩባቸው ሳይታወቅ ያልፋሉ። አክስትዎ የታመሙት የኦቫሪ ካንሰር ከነበረ፣ የሥዕሉ ትርጉም ወዲያው ይከብዳል። የአክስትዎ ልጆች ያስቀመጡት የአልትራሳውንድ ወይም የቀዶ ሕክምና ወረቀት ካለ ይፈልጉት። የእህትዎን የፓቶሎጂ (ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ምርመራ) ወረቀትም ይመልከቱ፤ የሁለቱ ሆርሞኖች (የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን) ተቀባዮችና ኸር 2 የሚባለው ፕሮቲን ተመርምረው ሦስቱም «ኔጌቲቭ» ከሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ ዕጢ በብራካ 1 ተሸካሚዎች ላይ በብዛት የሚታይ ስለሆነ ጥርጣሬያችንን ያጠነክረዋል።

ለምን እህትዎ ይቅደሙ እንዳልኩ እነሆ። ጤነኛ የሆኑት እርስዎ ዛሬ ተመርምረው «አልተገኘም» ቢባሉ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፦ ወይ በቤተሰቡ ውስጥ ለውጥ ኖሮ ለእርስዎ አልደረሰዎትም፣ ወይ ደግሞ የቤተሰቡ ችግር ምርመራው ባላየው ቦታ ላይ ነው፣ ሥጋቱም እንዳለ ነው። ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ወረቀቱን ይዘው ሲደሰቱ ክትትልዎን ቢያቋርጡ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። እህትዎ ቀድመው ተመርምረው አንድ የታወቀ ጎጂ ለውጥ ከተገኘ ግን፣ የእርስዎ ምርመራ ያችን አንዷን ቦታ ብቻ ማየት ይሆናል፤ ርካሽ ነው፣ መልሱም የተቆረጠ ነው። ያኔ «አልተገኘም» ማለት እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ሥጋትዎ እንደ ማንኛውም ሴት ወደሚሆነው ዝቅ ይላል።

ለእህትዎ ራሳቸውም ጥቅም አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እሳቸውን የእርስዎ መሣሪያ ያደረግኋቸው ይመስልብኛል። ተሸካሚ ከሆኑ በሌላኛው ጡት ላይ የሚያሰጋው ነገር ከፍ ያለ ስለሆነ የቀዶ ሕክምና ውሳኔያቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ኦቫሪያቸውም ይታሰብበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ኦላፓሪብ የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን ነው፣ ዋጋው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ቢሆንም።

እህትዎ ሲመረመሩ ሦስተኛ ዓይነት ውጤት ሊመጣ እንደሚችልም ከወዲሁ ይወቁ፤ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይባላል። ላቦራቶሪው ከተለመደው የተለየ ፊደል አይቷል፣ ጎጂ ይሁን አይሁን ግን መፍረድ አልቻለም ማለት ነው። የዓለም የዘረመል ማኅደር በአብዛኛው የተሞላው ከአውሮፓ ዝርያ በመጡ ሰዎች መረጃ በመሆኑ እንዲህ ያለው ውጤት በአፍሪካውያን ላይ በብዛት ይወጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከመጣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ አካል አይወገድም፣ ሌላ ዘመድም አይመረመርም፤ አብዛኞቹ ከጊዜ በኋላ መረጃ ሲጠራቀም ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይመደባሉና። «አንድ ነገር ተገኘብሽ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው ከቢሮ የሚወጡ ሰዎች መኖራቸው ግን በሙያችን ካሉት ቅሬታዎቼ አንዱ ነው።

የምራቁን ዕቃ በተመለከተ ወንድምዎን አመስግነው ይመልሱላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለደንበኛ በቀጥታ እንዲሸጥ የተፈቀደው የብራካ ምርመራ የሚያየው ሦስት ለውጦችን ብቻ ነበር፤ ሦስቱም በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ የሚዘወተሩ ሲሆኑ፣ በእነሱ ዘንድ ከ40 ሰው አንዱ ከሦስቱ አንዱን ይይዛል። ኋላ ላይ የሚታዩት ለውጦች ቁጥር ወደ ጥቂት ደርዘን ቢያድግም፣ በሁለቱ ዘረመሎች ላይ የሚታወቁት ጎጂ ለውጦች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ከአጂፕ እስከ ሂርማታ ሦስት ቤት ብቻ አንኳኩቶ «በጅማ ሌባ የለም» ብሎ እንደመመለስ ነው። የሚያስፈልገው በሐኪም የሚታዘዝ፣ ዘረመሎቹን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ምርመራ ነው፤ አሁን አሁን ብራካን ብቻ ሳይሆን ፓልቢ 2ንና ቲፒ 53ን የመሳሰሉ ሌሎች ዘረመሎችንም አብሮ ያያል።

ወንድምዎ ግን ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ወንድ ስለሆኑ አይመለከተኝም ብለው ከሆነ፣ ለውጡን እሳቸውም ሊወርሱትና ለሴት ልጆቻቸው ሊያወርሱት ይችላሉ፤ በተለይ ብራካ 2 በወንዶች ላይ የፕሮስቴትንና፣ በመጠኑም ቢሆን፣ የጡት ካንሰርን ሥጋት ይጨምራል። የዕቃውን ገንዘብ ይተዉትና ያሉበት አገር የዘረመል አማካሪ ዘንድ ቀርበው የቤተሰቡን ሥዕል ያሳዩ። ሙሉው ምርመራ ተሠርቶላቸው ለውጥ ከተገኘባቸው፣ እህትዎ ሳይመረመሩም ቢሆን የቤተሰቡ ለውጥ ታወቀ ማለት ነው፣ ለእርስዎም መንገዱ ተከፈተ። ካልተገኘባቸው ግን ለእርስዎ የሚለው ነገር የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው ሕግ የጤና መድንና ቅጥር በዘረመል ውጤት ምክንያት እንዳይከለከሉ ቢያግድም የሕይወት መድንን አይሸፍንም፤ እሱን ከመመርመራቸው በፊት ይወቁት።

«ቢገኝብኝስ ምን አደርጋለሁ?» ላሉት፣ በእኔ እምነት ከጥያቄዎ ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው፤ መቅደምም የነበረበት እሱ ነው። ውጤቱ በሕይወትዎ ላይ የሚለውጠው ነገር ከሌለ ምርመራው ጭንቀት ከመጨመር በቀር ሥራ የለውም። በእርስዎ ሁኔታ ግን የሚለውጠው አለ። ለጡት የሚደረገው ክትትል ይጠናከራል፤ ተሸካሚ የሆነች ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ በኤምአርአይ (በማግኔት በሚሠራ የምስል መሣሪያ)፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተጨምሮበት እንድትታይ ይመከራል። ይህ ለአንድ የጅማ ሴት በየዓመቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስንና ከባድ ወጪን ሊጠይቅ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ኤምአርአይ ካልተቻለ በሠለጠነ እጅ የሚደረግ ዳሰሳና አልትራሳውንድ፣ ከ30 በኋላም ማሞግራም ይያዛል። ጡትን አስቀድሞ ማስወገድ ሌላው አማራጭ ነው፤ የጡት ካንሰርን ዕድል ከ90 ከመቶ በላይ ይቀንሳል። ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ የብራካ 1 ተሸካሚ መሆኗን ተናግራ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ማድረጓን ካሳወቀች ወዲህ ብዙ ሰው «ተገኘብሽ» እና «ጡትሽ ይቆረጥ» አንድ ይመስሉታል። አንድ አይደሉም፤ ክትትልን መርጠው የሚኖሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ማንም ሐኪምም አያስገድድዎትም።

ጅማ ውስጥ ለሚኖር ሰው የምርመራውን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው፣ ብዙም የማይወራለት የኦቫሪው ጉዳይ ነው። ኦቫሪን በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ እየተከታተሉ ካንሰርን ቀድሞ መያዝ ሕይወት አላተረፈም፤ በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣ ጥናት የሞቱን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የሚሠራው ነገር፣ ልጅ ወልዶ ከተጨረሰ በኋላ ኦቫሪንና የማህፀን ቱቦን ማስወጣት ነው፤ ለብራካ 1 ከ35 እስከ 40፣ ለብራካ 2 ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ። የኦቫሪ ካንሰርን ሥጋት 80 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምናው እንደ ኤምአርአይ ሩቅ አይደለም፤ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ባለበት ሆስፒታል የሚሠራ ነው። ዋጋውም አለ፤ ማረጥ ያለጊዜው ይመጣል፣ ሙቀቱም የእንቅልፍ ማጣቱም የአጥንት መሳሳቱም ይከተላል፤ ስለዚህ ሳያስፈልግ አይደረግም። የዘረመል ውጤት ሳይኖራት በፍርሃት ብቻ ኦቫሪዋን የምታስወጣ ሴት ታሳዝነኛለች፤ ለውጡ እያለባት ሳታውቅ የቀረችውም እንዲሁ።

ስለዚህ ጊዜ አለዎት። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት የብራካ 1 ተሸካሚ የሆነች ሴት እስከ 40 ዓመቷ በኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 2 ከመቶ ያህል ነው፤ በጡት ካንሰር ግን 24 ከመቶ። ከዚህ የምረዳው፣ ለኦቫሪው ሳይቸኩሉ አግብተው ወልደው መድረስ እንደሚችሉ፣ የጡቱ ክትትል ግን እንደማይዘገይ ነው። ልጅ ማጥባትም ለብራካ 1 ተሸካሚዎች የጡት ካንሰርን ሥጋት የሚቀንስ መሆኑ ታይቷል።

ሠርጉን በተመለከተ፣ ውጤቱን ከሠርጉ በፊት ለማግኘት ብለው አይሩጡ። ሽማግሌ ሲላክ «በዘራቸው ቁምጥና አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ» እየተባለ የሚጠየቅበት ልማድ ገና አልጠፋም፤ ቁምጥና በዘር የማይመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን መሆኑ ከታወቀ ስንት ዘመን ሆነው፣ ሰው ግን ዛሬም ይጠይቃል። ጅማ ደግሞ ሰፊ ብትመስልም መርካቶ የተነገረ ፈረንጅ አራዳ ቀድሞዎት ደርሶ ይጠብቅዎታል። ለእጮኛዎ ይንገሩ እላለሁ፤ ስለ ልጅ ጊዜና ምናልባትም ስለ ወጪ አብረው የሚወስኑት እሳቸው ናቸውና። አሁን የሚነግሯቸው የሚያውቁትን ብቻ ነው፤ እናትዎና እህትዎ መታመማቸውን፣ ምናልባት ወደፊት ሊመረመሩ እንደሚችሉ። ለአማቶችዎ ግን የሕክምና ወረቀት የማሳየት ግዴታ የለብዎትም። ያማከሯቸው ሐኪምም ያለ ፈቃድዎ ለማንም መንገር አይችሉም፤ ውጤቱን ለእርስዎ በአካል እንጂ በቤተሰብ ስልክ እንዳይነግሩዎት አስቀድመው ያስመዝግቡ።

የውጤቱ ቀን የሚሰማዎትንም አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል። በአንድ ቀን ውጤታቸውን የሰሙ ሁለት እህትማማቾች ነበሩኝ፤ ታላቂቱ «ተገኘ» ተባለች፣ ታናሿ «አልተገኘም»። ታላቂቱ ቦርሳዋን ከፍታ የቀጠሮ ካርዷን አወጣችና ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያለቀሰችው ታናሿ ነበረች። «ምን አድርጌ ነው እኔ የቀረሁት?» አለች፤ ለብዙ ወራትም እህቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ይህን የማነሳው «አልተገኘም» የሚለውም ቃል የራሱ ሸክም ስላለው ነው፤ ከእህትዎ ጋር ማን ምን ቢባል እንዴት እንደምትሆኑ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

እህትዎን የሚጠይቁበትን ቀን ይምረጡ። ኪሞ በወሰዱበት ሳምንት፣ ምግብ ሲሸታቸው፣ አይሆንም። «ለእኔ ስትይ ተመርመሪ» ከማለት «ለሕክምናሽም ይጠቅምሻል፤ ሐኪሙን አብረን እንጠይቅ» ማለት ይሻላል፤ እውነትም ነው። ክፍያው በአብዛኛው ከኪስ ነው፤ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ከተላከም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ወንድምዎ የሚልኩት ገንዘብ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነና ከእህትዎ መድኃኒትና ከዘረመል ምርመራው አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ይቅደም፤ ዘረመሉ ከእሳቸው ጋር ነው፣ የትም አይሄድም። እህትዎ «አልፈልግም» ካሉ ደግሞ አይጫኗቸው። አለማወቅም መብታቸው ነው፤ ያኔ በወንድምዎ በኩል ይሞክሩ፤ እሱም ካልሆነ የእርስዎ ምርመራ መልሱ ከፊል እንደሚሆን አውቀው ማድረግ ይችላሉ። የእህትዎ ልጆች ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ራሳቸው እስኪወስኑ ድረስ አይመረመሩም።

አሁን ወዳቆየሁት ክትትል ልመለስ። በቤተሰብ ታሪክ ላይ የተመሠረተው ክትትል የሚጀምረው፣ ከሁሉም በለጋ ዕድሜ የታመመው ዘመድ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እህትዎ በ38 ከታመሙ ለእርስዎ 28 ነበር፤ አንድ ዓመት አልፎታል። በዚህ ወር በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ክፍል ወይም በሚያምኑት ሌላ ሆስፒታል ይቅረቡ፤ የሣሉትን የቤተሰብ ሥዕል ይዘው ይሂዱ፣ ዳሰሳና አልትራሳውንድ ይደረግልዎት፣ በየስድስት ወሩም ቀጠሮ ያስይዙ። 30 ሲሞላዎት ማሞግራም ይጀምራሉ፤ ኤምአርአይ ማድረግ ከተቻለም ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከወር አበባ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ጡት ለስለስ በሚልበት ጊዜ፣ ራስዎንም በእጅዎ ይዳስሱ። በዚህ መካከል እብጠት፣ የቆዳ መጨማደድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካዩ ግን የእህትዎን ውጤት፣ ሠርጉን፣ ወይም የሚቀጥለውን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ስላላመመዎትም አይዘናጉ፣ አብዛኛው የጡት ዕጢ ሲጀምር አያምምምና፤ በዚያው ሳምንት ይታዩ።